መጋረጃው ያልሸፈነው ሞተር

በቀደም አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት የጻፈውን ኮድ እንዳየው ሰጠኝ። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሳልወጣ ከወንበሬ ተነሣሁ። እኔ ከተናደድኩ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ሰውነቴ ሁሉ እግር ይሆናል። ኮሪደሩን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ተመልሼ መጣሁና ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩበት።

«ይሄን ሁሉ ማን እዚህ አውጣው አለህ?» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንሠራው በሲ ቋንቋ የሚጻፍ፣ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት የኮድ ላይብረሪ ነው። ሌሎች ክፍሎች ፕሮግራማቸውን የሚገነቡት በእሱ ላይ ነው። ለእነሱ የምንሰጣቸው ሄደር ፋይሉን፣ ማለትም ከውጭ የሚታየውን የስም ዝርዝር ብቻ ነው። እዚያ ላይ «ግንኙነት» የሚባል ስትራክት፣ የመረጃ ቋጠሮ እንበለው፣ መኖሩን በስም እንነግራቸዋለን እንጂ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አንነግራቸውም። ወደ እሱ የሚያመለክት ፖይንተር ይይዛሉ፤ ክፈት፣ ላክ፣ ተቀበል፣ ዝጋ የሚሉትን ፋንክሽኖች ይጠራሉ፤ በቃ። የመገናኛ በሩ፣ ሶኬቱ፣ የትኛው እንደሆነ፣ መልእክት ቢጠፋ ስንቴ እንደገና እንደሚላክ፣ የመጣው እስኪነበብ ድረስ የት እንደሚጠራቀም፣ ይህ ሁሉ የእኛ ጓዳ ነው። ወጣቱ ግን «ይመቻቸው ብዬ» ጓዳውን በሙሉ አውጥቶ ሳሎን ውስጥ አስጥቶታል።

«ቢያዩት ምን ይጎዳል? ምን የሚደበቅ ምስጢር አለው?» አለኝ።

ይበልጥ ያበሳጨኝ እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ ጥያቄ መጠየቄ ነው፤ ያውም ከእሱ በባሰ ንዴት። የጠየቅኩት አሶሳ ላይ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ድርቅ ያፈናቀለው የወሎ ሰው በመኪና እየተጫነ መጥቶ በሚራገፍበት ዘመን።

ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም። የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ካሠለጠኑኝ በኋላ «አሶሳ» የሚል ወረቀት ሰጡኝና ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። የሬዲዮ ክፍላችን በቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ቤት ነበር። ከከተማው ዳር፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው የተሠራው። ከታች በየአቅጣጫው በቁጥር እንጂ በስም የማይጠሩ የሰፋሪ አምባዎች ተበትነዋል። ሙቀቱ፣ ዝንቡ፣ የሥራው መጓተት፣ ሁሉም ነገር ያቁነጠንጠኝ ነበር። አለቃዬ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ እሾህ አለበት እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

አለቃዬ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት መገናኛ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ቆብ ያደርጋሉ። ትውልዳቸው ከየጁ ስለሆነ እሑድ እሑድ ወደ አምባዎቹ እየወረዱ ከአገራቸው ሰዎች ጋር ሲያወጉ ይውላሉ። ሥራ ላይ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሕዝቡ በሚቆምበት መስኮትና በሬዲዮው መካከል ቡናማ የአቡጀዲ መጋረጃ ሰቅለዋል። ወደ መስኮቱ ለሚመጣ ሰው የሚነገረውም ሦስት ቃል ብቻ ነው። «ተልኳል»፣ «መጥቷል»፣ «አልመጣም»። በየት በኩል እንደተላከ፣ ማን እንደተቀበለው፣ አሁን የት እንደተኛ ትንፍሽ ማለት የለም።

ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ዘመኑ ራሱ የምስጢር ዘመን ነው። ሰዎቹ ከቀያቸው ሲነሡ ወዴት እንደሚሄዱ እንኳ የነገራቸው አልነበረም። በዚያ ላይ ደግሞ እኛ መጋረጃ እንጨምርባቸው?

«ጋሼ፣ መልእክታቸው የት እንደደረሰ ቢያውቁ ምን ይጎዳል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምስጢር ሆኖ አይደለም ልጄ። ዛሬ በነቀምት በኩል ይሄዳል፤ ነገ አየሩ ይበላሽና በአዲስ አበባ እልከዋለሁ። ዛሬ የነገርኳቸውን ይዘው ቤት ይሠሩበታል። እኔ መንገዱን ስቀይር ቤቱ በላያቸው ላይ ይፈርሳል።»

አላመንኳቸውም። የካድሬ ወሬ መስሎኝ ነበር።

ይበልጥ ያላስቀመጠኝ ደግሞ የአንዲት ሴት ነገር ነው። ረጅም ናት፤ ሹሩባዋ ጥሩ ሆኖ የተሠራ፣ ስትናገር ዓይን ዓይን እያየች የምትናገር። ወሎ ላይ ከነበሩበት የድርቅ መጠለያ ሲጫኑ «ይሄኛው ሞልቷል» ተብሎ ባሏ ከአንዱ መኪና፣ እሷ ከሌላው ሆኑ። የሁለቱ መኪኖች መንገድ አንድ አልነበረም። እሷ አሶሳ ወረደች። እሱን ሌላው የሰፈራ ጣቢያ፣ ፓዌ፣ አየነው ያሉ ሰዎች አሉ፤ በመንገድ ታሞ ወረደ ያሉም አሉ። ፓዌ ያለው ጽሕፈት ቤት ስሙን ፈልጎ እንዲመልስልን መልእክት አስተላልፈን ነበር።

«እቴ፣ ለኔስ?» ትላለች መስኮቱ ላይ ስትደርስ።

«አልመጣም።»

«አብሽሪ» ትለኛለች መልሳ፤ እኔን ልታጽናና! ፓዌን በቀጥታ እንደማንሰማት፣ መልእክቱ ከእጅ እጅ እየዞረ እንደሚሄድ፣ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ሲፈልግ እንደሚውል ልነግራት እየፈለግኩ ምላሴን ነክሼ እቀራለሁ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። አለቃዬ ሬዲዮውን ሸፈኑት፤ መንገዱን ሸፈኑት፤ የእኛንም አፍ ሸፈኑት። ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ግን መጋረጃ አልነበረውም። ሬዲዮው የሚሠራው በእሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የሥራ ጊዜያችን ሲደርስ ይነሣል፤ ድምፁ በዚያ ዝምተኛ አገር ላይ አምባዎቹ ድረስ ይሰማል። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ቆመው ከሚለፉ ብለው ሞተሩን መጠበቅ ጀመሩ። ሲነሣ ዶማቸውን ጥለው፣ እግራቸውን ታጥበው ይመጣሉ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው ሰው የለም።

ሌላም ነገር ነበረ። መልእክቱ የሞት ሲሆን አለቃዬ አይችሉም። ተቀብለው እንደጨረሱ ወዲያው ሞተሩን ያጠፋሉ፤ ቆባቸውን ያወልቃሉ። መርዶ በመስኮት አይነገርም። ለአምባው ሽማግሌዎች ቃል ይልካሉ፤ እነሱም በወጉ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ዘመድ ጎረቤት አስከትለው ያረዳሉ። ሞተሩን ማጥፋታቸው ለሟቹ አክብሮት ነው፤ በልቅሶ ላይ እንዳይጮህ። አምባዎቹ ግን ጆሮ አላቸው። ሞተሩ ያለ ጊዜው ዝም ካለ አንድ ሰው እንደሞተ ያውቁ ነበር። ይህን እኛ አናውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አዲስ ሬዲዮ መጣልን። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ነው፤ ባትሪውን የትራክተር ጋራዡ ይሞላልናል። ጄኔሬተር ማስነሣት ቀረ፤ ጭሱም ጩኸቱም ቀረ። አለቃዬ ከደስታቸው ብዛት ሬዲዮውን በእጃቸው ጠራርገው አስቀመጡት። መስኮቱ ያው መስኮት ነው፤ ሦስቱ ቃሎችም ያው ናቸው። በዛሬው የሥራዬ ቋንቋ ብናገር፣ የተቀየረው ጓዳው፣ ውስጥ ያለው የሲ ፋይል ብቻ ነው፤ ሄደሩ አልተነካም። በደንቡ ከሆነ ውጭ ያለ ሰው ምንም መለየት አልነበረበትም።

መስኮቱ ላይ ግን ሰው ጠፋ። አንድ ቀን የገበያ ቀን ነው አልን። በማግስቱም የለም፤ በማግስቱም። ወጣ እያልኩ መንገዱን አያለሁ፤ ገባ እላለሁ። «ምን ነካቸው?» እላለሁ። አለቃዬ «እረፍት ሲያገኙ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። እኔ ግን ተመልሼ ወደ በሩ እሄዳለሁ።

በዚህ መሃል የፓዌ መልስ መጣ። በአዲሱ ሬዲዮ ድምፁ ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። የተባለው ሰው በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው፣ ሚስቱን ይጠይቃል ይላል። እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። አለቃዬም ሳቁ። ሰዓቱ አለፈ፤ ሴትየዋ አልመጣችም።

በማግስቱ ማንጎ የሚሸጥልን አንድ የአሶሳ ተወላጅ ገበሬ አህያውን እየነዳ በመስኮቱ በኩል አለፈ። ቤቱ ከእሷ አምባ አጠገብ ነው፤ አማርኛው በኋላ የለመደው ነው። ያቺን ረጅም ሴት አይተሃት ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ወላሂ፣ እዛ ለቅሶ ብዙ ነው» አለኝ። «ያቺ ረጅሙ ሴት፣ ፀጉር ተላጨ። ባል ሞተ አለ።»

«ማን ነው ሞተ ያለው?»

«ሽማግሌ ነገረ። እኔ ሄደ፣ አለቀሰ፣ መጣ።»

የፓዌ መልስ የተጻፈበትን ወረቀት ነጥቄ ሮጥኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ሲጣሩ ሰምቻለሁ፤ አልተመለስኩም። ሣሩ ከራሴ በላይ ነው፤ ፀሐይዋ አናቴን ትበሳለች። እንዲህ ያለ መርዶ ከየት መጣ? ከእኛ ሌላ ሬዲዮ የለም፤ ከእኛ አፍ ደግሞ አልወጣም።

አምባው ስደርስ ሴቶቹ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መሃላቸው ነበረች። ያ ሁሉ ሹሩባ የለም፤ ራሷ ተላጭቶ ትንሽ ሆናለች። «አለ! ባልሽ አለ! ፓዌ ነው!» አልኩ እየጮህኩ። እልልታ ጠብቄ ነበር። አንድም ሰው አልተነቃነቀም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥተው ወደ ጎን ወሰዱኝ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቁኝና ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሞተሩ መጀመሪያ ዝም ሲል ናፍጣ አልቆ ይሆናል ብለው ነበር። በማግስቱ ትራክተሩ ሲያርስ ዋለ፤ ናፍጣ አለ ማለት ነው። እንግዲያ መርዶ ነው። ከዚህ አምባ ደግሞ ሰው የጠፋባት፣ መልስ የምትጠብቅ እሷ ናት። ከአለቃዬ ቃል ሲጠብቁ ቃል ቀረ።

«እኒያ ሰውዬ የአገራችን ሰው ናቸው፤ አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው የዘገዩት አልን» አሉኝ። «ከምናስጨንቃቸው እኛው እናርዳት ብለን አረዳናት። መርዶ ማርዳት እናውቃለን ልጄ። መርዶ እንዴት እንደሚመለስ ግን አላየንም።»

ከእሳቸው ተለይቼ ሄድኩና እፊቷ ተንበረከክኩ፤ ወረቀቱን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት። ዓይን ዓይኔን እያየች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እቴ፣ ኑ ስኳር ይታደላል ብላችሁ ጠርታችሁ ነው የጫናችሁን» አለችኝ። «ወረቀታችሁንም አየሁት፣ ቃላችሁንም አየሁት። ያ ሞተር ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«እኔ አልዋሽሽም!»

«እንግዲያ አስነሡት። ሲነሣ ከሰማሁ እመጣለሁ።»

አልፈርድባትም። እኛ ለሕዝብ ያዘጋጀነው ቃል ሦስት ነበር፤ እሷ ያመነችው ግን ማንም ያላዘጋጀላትን አራተኛውን ነው። ይህን ነገር ከዓመታት በኋላ በሥራዬ ደግሜ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ላይብረሪያችን መልእክት ሲቀበል ትንሽ ይዘገይ ነበርና አፈጠንኩት። በሄደሩ ላይ አንድ ፊደል አልነካሁም። የአንድ ክፍል ፕሮግራም ግን ቆመ። ለካስ መዘግየቱን ቆጥረው «አሁን ሌላኛው ወገን ተዘጋጅቷል» ይሉበት ኖሯል! ለዚህ ነው ያን ወጣት የተቆጣሁት። በጥንቃቄ ሸፍነነው እንኳ ሰው በቀዳዳው ይሰማል፤ ጭራሽ ሆዱን ዘርግፈን ከሰጠነውማ ምን ልንቀይር ነው?

ስመለስ በንዴት ጨሼ ነበር። «ጋሼ፣ ሰው ገድለናል!» ብዬ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሞተሩን፣ ዝምታውን፣ የተላጨውን ራስ። እሳቸው ቆባቸውን አወለቁ። በሕይወት ያለ ሰው ነገር እየነገርኳቸው ቆባቸውን ማውለቃቸው አናደደኝ።

«ለሟቾቹ ብዬ ነበር እኮ የማጠፋው» አሉ። ወዲያው ወጡ። ከትራክተረኛው ናፍጣ ለምነው በጀሪካን ይዘው መጡ፤ ጓሮ ገብተው የጄኔሬተሩን ገመድ ሳቡ። ከሬዲዮው ጋር አልተገናኘም፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ዝም ብሎ ይጮህ ጀመር። ሬዲዮው እቤት ውስጥ በባትሪው ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ ሞተሩ ውጭ በባዶ ይለፈልፋል። እኔ መስኮቱና በሩ መካከል ስመላለስ ቆየሁ።

መጣች። ነጠላዋን አቅንታ፣ እየሮጠች መጣች። መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ «ለኔስ?» አለች እንደ ድሮው፤ እኔም «መጥቷል» አልኳት። አሁን አመነችኝ። መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ ከዚያ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። «በዚህ ራሴ ያውቀኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ። እኔም እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ግን ብቻዋን አልነበረችም። ሞተሩን የሰማው አምባ ሁሉ ተነቅሎ መጥቷል። ከኋላዋ ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ደርሷል። «ለኔስ?» «አልመጣም።» «ለኛስ?» «አልመጣም።» ለአንዷ ደስታ የተነሣው ሞተር ለዚያ ሁሉ ሰው በከንቱ ጮኸ። ይሄኔ አለቃዬ መጡና መጋረጃውን ከነምስማሩ ነቀሉት። ሰዎቹን ወደ ውስጥ ጠርተው ባትሪውን አሳዩአቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራችን ድምፅ የለውም፣ ሞተሩን አትጠብቁ አሏቸው።

ያ መርዶውን ያረዱት ሽማግሌ ባትሪውን ጎንበስ ብለው አዩት። «ደግ ነው» አሉ። «ታዲያ መርዶ ሲመጣ በምን እናውቃለን?»

«እኔ ራሴ እመጣለሁ» አሉ አለቃዬ። «እግሬን ካላያችሁ መርዶ የለም።»

ቃላቸውን ጠበቁ፤ መዘዙም በዚያው መጣ። ከዚያ በኋላ አለቃዬ እሑድ ሲወርዱ ጥቁሯን ቆብ ከሩቅ ያየ ሰው ይደነግጥ ጀመር። ውኃ የቀዳች ሴት ማሰሮዋን ትጥላለች፤ ሽማግሌው ከወንበሩ ይነሣል። «ለጨዋታ ነው፣ ለጨዋታ ነው!» እያሉ አለቃዬ ከሩቅ ይጮሁ ነበር። ጥቂት እንዲህ ሞከሩና ተዉት። እሑድን ከሬዲዮው ጋር ተቀምጠው ያሳልፉ ጀመር። ያ ሁሉ ጨዋታቸው አብሮ ጠፋ። አዘንኩላቸው፤ ግን ምን ልበላቸው?

ቤተሰብ የተለያየባቸውን ወደ ፓዌ የሚወስድ መኪና ሲፈቀድ እሷም ከሚሄዱት ጋር ሆነች። አለቃዬ ለስንብቱ አልሄድም ብለው ነበር። መኪናው አምባው መሃል ቆሞ ሲጫን ሄጄ አቀፍኳት፤ ሻሽ አስራለች፤ ከላይ ተቀምጣ ቁልቁል ለጎረቤቶቿ እልል ትላለች። ሾፌሩ መኪናውን ሲያስነሣ አለቃዬ በሣሩ መሃል ብቅ አሉ። አላስቻላቸውም ነበር፤ በፍጥነት እየተራመዱ ይመጣሉ።

ከላይ ሆና አየቻቸው። እልልታዋ አፏ ላይ ቀረ፤ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። አለቃዬ እንዳየቻቸው ገባቸውና ባሉበት ቆሙ። ሁለት ባዶ እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳዩአት፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ መራመድ ጀመሩ። «ምንም የለም! ሊሰናበቱሽ ነው!» እያልኩ ከመኪናው ጎን ሮጥኩ። የመኪናው ጩኸት ዋጠኝ። ዓይኗን ከእሳቸው ላይ ሳትነቅል መታጠፊያው ጋ ተሰወረች።

ከአሶሳ ፓዌ በወለጋ ዞሮ ነው የሚኬደው፤ ያን ጊዜ ቀናት ይፈጃል። ያን ሁሉ መንገድ ባሏ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ነው የሄደችው።